የእብድ ውሻ ቫይረስ በማን ጀርባ ይጓዛል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1885 የ9 ዓመቱ ጆሴፍ ማይስተር፣ ያበደ ውሻ ከነከሰው ከሁለት ቀን በኋላ ፓሪስ ውስጥ በሉዊ ፓስተር ክትባት መከተብ ጀመረ። (ፓስተር ሐኪም ስላልነበር መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው።) 13 ጊዜ ተወጋ፤ ዳነም።

ግን ከተነከሰ በኋላ የተሰጠ ክትባት ቫይረሱን እንዴት ቀደመው? የጉዞው ምስጢር የተገለጠው መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በነርቭ ሴሎቻችን ውስጥ እንደ ባቡር ሐዲድ የተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ዳይኒን የተባለ ፕሮቲን በእነሱ ላይ ዕቃ ተሸክሞ ወደ ሴሉ እምብርት ይሄዳል። ቫይረሱ በራሱ መንቀሳቀስ ስለማይችል በዚሁ ተሸካሚ ተጭኖ ወደ አንጎል ያመራል። ከቁስሉ ተነስቶ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ክትባቱ የሚቀድመው በዚህ ክፍተት ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ጭረት ብቻ ቢሆንም በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።