ገብረ መስቀል ስለ ተባለው ስም

ከአገራችን የወንድ ስሞች መካከል ገብረ መስቀል ዕድሜው የረዘመ፤ ነገሥታትም ድኾችም በአንድነት የተጠሩበት ስም ነው። አመጣጡንና ትርጓሜውን፤ የተወደደበትንም ምክንያት በአጭሩ እንመለከታለን።

ገብር በግዕዝ አገልጋይ፤ ባሪያ ማለት ነው። ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ መድረሻው ከሳድስ ወደ ግዕዝ ተለውጦ ገብረ ይሆናል፤ ስሙም የመስቀል አገልጋይ ተብሎ ይተረጐማል። የቅኔ ተማሪ ግን ሌላ ፍቺ አያጣለትም፤ ገብረ በአንቀጽነቱ ሠራ፤ አደረገ ማለት ነውና መስቀሉ ሥራውን ሠራ ብሎም ሊፈታው ይችላል። ራስን አገልጋይ ብሎ መሰየም የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። የነቢዩ አብድዩ ስም በዕብራይስጥ፤ ዐብደላም በዐረብኛ የአምላክ አገልጋይ ማለት ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ አስቀድሞ ራሱን በዚሁ ማዕርግ ጠርቷል።

ስሙን ያከበሩት ነገሥታት ናቸው። በ6ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የአፄ ካሌብ ልጅ ገብረ መስቀል ይባላሉ፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ በእርሳቸው ዘመን እንደ ተሰማ ትውፊት ይነግረናል። በአክሱምም በጥርብ ድንጋይ የተሠሩት ሁለት የምድር ውስጥ መቃብሮች በአባትና በልጅ ስም ይጠራሉ። ዐሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያሳነጹት ቅዱስ ላሊበላ፤ ከእርሳቸውም በኋላ አፄ ዐምደ ጽዮን የመንግሥት ስማቸው ይኸው ነበር። ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱን አገልጋይ ማለቱ ከበላዩ ጌታ እንዳለበት መመስከሩ ነው።

ሕዝቡ ስሙን የወደደው ደግሞ ስለ በዓሉ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ካህኑ የክርስትና ስም ያወጣለታል፤ በመስከረም 17 ወይም በመጋቢት 10 አካባቢ የተወለደም ብዙ ጊዜ ይህ ስም ይደርሰዋል። የመስቀል ክብር በሰሜን ብቻ አይወሰንም። በዳምቦያና በቀረው የከምባታ አገር በዓሉ መሳላ ተብሎ ከዓመቱ በዓላት ሁሉ ይበልጣል፤ በሩቅ ያለ ልጅ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ ጎረቤትም ገንዘብ አዋጥቶ ሠንጋ ያርዳል። በኅዳር 2006 ዓመተ ምሕረት የመስቀል በዓል በዩኔስኮ መዝገብ መግባቱ ለዓለምም እንዲታወቅ አድርጎታል።

ነገር ግን ይህ አገር የስሙን ሌላ ፊት ያውቃል። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሐዲያን በጦር ያስገበሩት ዐምደ ጽዮን በመንግሥት ስማቸው ገብረ መስቀል ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐዲያና ከምባታ በጦር ሲያዙ፤ ገበሬው በደመወዝ ፈንታ ለወታደሩና ለሹሙ ተደልድሎ ገባር ሆነ፤ እህሉንና ማሩን ሰጠ፤ በጉልበቱም አገለገለ። ሥርዓቱ መልኩን እየለወጠ ቢሄድም፤ በየካቲት 1967 ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ጭሰኛው በጌታ መሬት ላይ ኖረ።

አንባቢ ሆይ፤ ገብር፤ ግብር፤ ገባር፤ ገበሬ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት መሆናቸውን አስተውል። ግብር በአንድ ወገን የንጉሥ ማዕድ ነው፤ በሌላው ወገን ያን ማዕድ የሞላው የገበሬው ዕዳ ነው። ንጉሡ በገብረ መስቀል ስም ትሕትናን ለበሰ፤ ገባሩ ግን ያንኑ አገልጋይነት በጀርባው ተሸከመው። ልዩነቱን የሚያመጣው ከገብረ ቀጥሎ የሚነገረው ስም ነው፤ የመስቀል አገልጋይ የሆነ ሰው የሰው ንብረት ሊሆን አይገባም፤ ሰውንም ንብረቱ ሊያደርግ አይገባም።

ዛሬ ስሙን በፍቅር አሳጥሮ ገብሬ ማለት ተለምዷል። ቁልምጫ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በጥምቀትና በመዝገብ ሙሉው ስም ይጠራ። ገብረ ተብሎ በዚያው ከቀረ የማን አገልጋይ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ጌታው ያልተነገረለት አገልጋይም ለመጣው ሁሉ ገባር ይሆናል።