ያልተጓዘው ጎማ፤ በጥንታዊ የስፖርት መኪናዎች ላይ ስለሚገኘው የመጀመሪያ ስኮርታ

የሰው ልጅ በእጁ የሠራቸው መሣሪያዎች ታሪካቸውን የሚነግሩን በአብዛኛው ባረፈባቸው የአገልግሎት ምልክት ነው። የማረሻው ጫፍ መበላት፣ የወፍጮው ድንጋይ መለስለስ፣ የበገናው ሳንቃ በክንድ መወልወል በመሣሪያዎቹ ምን ያህል እንደ ተሠራባቸው ይመሰክራል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ተቃራኒ ጠባይ ያለውን ዕቃ ነው። ይኸውም ለአገልግሎት ተሠርቶ ሳያገለግል የቀረው፣ የምስክርነቱም ክብደት ካለማገልገሉ የሚመነጨው፣ በጥንታዊ የስፖርት መኪናዎች ጅራት ወይም አፍንጫ ውስጥ ተሸሽጎ የሚገኘው የመጀመሪያው ትርፍ ጎማ ነው።

የአገራችን ሾፌሮች ይህን ጎማ ስኮርታ ይሉታል። ቃሉ እንደ ጎማ፣ እንደ ቸርኬና እንደ ካላማዳሪ ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ አጃቢ ወይም ተጠባባቂ ማለት ነው። በሕንድና በማልታ ደግሞ ያው ዕቃ ስቴፕኒ፣ በብራዚል ኤስቴፔ ይባላል። ይህ ስም የአንድ መንገድ ስም ነው። በ1904 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዌልስ አገር በላኔሊ ከተማ፣ ስቴፕኒ በሚባለው መንገድ ላይ የብረታ ብረት ሱቅ የነበራቸው ቶማስና ዋልተር ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች፣ ራጂ የሌለውና አስቀድሞ በአየር የተሞላ ጎማ የለበሰ ክብ ብረት ሠሩ። ጎማው የተነፈሰበት ነጂ ይህን ክብ ከተበላሸው እግር ጎን በመቆንጠጫ አጣብቆ እስከ ጋራዥ ይደርስበት ነበር። የሁለት ነጋዴዎች ሥራ የመንገዱን ስም ይዞ ከአኅጉር አኅጉር መሻገሩ፣ ችግሩ ምን ያህል የሁሉም ችግር እንደ ነበረ ያሳያል።

ችግሩስ ምን ነበር? የዚያ ዘመን መንገድ የተሠራው ለፈረስ ነው። ከፈረስ ኮቴ የሚወልቀው ምስማር በየመንገዱ ተዘርቶ የጎማ ጠላት ሆኖ ይጠብቃል። በ1895 ከፓሪስ እስከ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር የሚሽለን ወንድማማቾች በአየር በተሞላ ጎማ የሚሄደውን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ባሰለፉ ጊዜ፣ በመንገድ ላይ ከሃያ በላይ ካላማዳሪ እንደ ጨረሱ ይነገራል። በ1906 በሌ ማን አቅራቢያ የተካሄደውን የመጀመሪያውን ግራን ፕሪ በሬኖ መኪና ያሸነፈው ሃንጋሪያዊው ፈረንጽ ሲስ፣ ለድሉ ከረዱት ነገሮች አንዱ ከነጎማው በቡሎን የሚፈታው የሚሽለን ቸርኬ ነበር። ደንቡ ጎማ እንዲለውጡ የሚፈቅደው ለነጂውና አብሮት ለተቀመጠው መካኒክ ብቻ ስለ ነበር፣ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አሮጌውን ጎማ በቢላዋ እየቀደዱ አዲሱን በጉልበት ሲያለብሱ እርሱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለውጦ ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። በአራት ጎማ የሚሄድ መኪና አምስተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም ስድስተኛ ጎማ ተሸክሞ መዞር ሲጀምር ያ ጥሬ ጎማ የሚቀዳው ከዛፍ፣ የሚቀዳውም በሰው እጅ ነበር። ከ1885 እስከ 1908 ኮንጎን የግል ርስቱ አድርጎ በያዘው በቤልጅጉ ንጉሥ በሊዮፖልድ 2ኛ አገዛዝ ሥር፣ የተወሰነበትን የጎማ መጠን ያላስገባ መንደር እንዴት ይቀጣ እንደ ነበር፣ እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች ፎቶግራፍ ለዓለም አሳይቶአል። በአውሮፓ ሳሎኖች ስለ መኪና ውበት የተጻፉት መጻሕፍት ይህን እምብዛም አያነሡትም።

የስፖርት መኪናው ስኮርታውን እንደ ጌጥ በግልጽ የተሸከመበት ዘመን ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ያለው ዘመን ነው። ከሁሉ ይልቅ ዐይን የሚስበው የቡጋቲ 35 ቁጥር ነው። ይህ መኪና በ1924 በሊዮን ግራን ፕሪ ሲቀርብ ስምንት ጠፍጣፋ ራጂ ያለው፣ ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ቸርኬ ይዞ መጣ። የፍሬኑ ከበሮ ከቸርኬው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ስለ ነበረ፣ መካኒኩ ጎማውን ባወለቀ ቁጥር የፍሬኑ ሸራ ተገልጦ ይታየዋል። ስለዚህ የቡጋቲ ስኮርታ ከጎማ የበለጠ ነገር ነበር። በሲሲሊያ ተራሮች ላይ በሚደረገው የታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር መኪናው ይህን ትርፍ እግር በቆዳ ጠፍር ከጎኑ ታጥቆ ይወጣና ይወርድ ነበር። ከ1925 እስከ 1929 ባሉት አምስት ዓመታት ያንን ውድድር ቡጋቲ በተከታታይ አሸንፎአል። ይሁን እንጂ የሊዮኑ የመጀመሪያ ቀን የውርደት ቀን ነበር። ለውድድሩ የቀረቡት ጎማዎች ከድኝ ጋር በሚገባ ሳይበስሉ በመቅረታቸው ጥርሳቸው ከአካላቸው እየተላቀቀ ተበተነ። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ያገኘው ይህ ጎማን ከድኝ ጋር የማብሰል ጥበብ፣ ጥቂት ሲጎድል እጅግ ያማረውን ሞተር ከንቱ ያደርገዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስኮርታው ቀስ በቀስ ከዐይን ተሰወረ። ከ1945 እስከ 1949 የተሠራው እንግሊዛዊው ኤም.ጂ. ቲ.ሲ. ገና ከቤንዚን ጋኑ ኋላ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ያሳየው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነፋስን የሚያሸንፍ ቅርጽ ስለ ተፈለገ እያንዳንዱ ነዳፊ ይህን ትልቅ ክብ ነገር የት እንደሚደብቀው መጨነቅ ነበረበት። በክንፍ መሰል በሮቹ የታወቀው መርሴዲስ 300 ኤስ.ኤል. የኋላ ዕቃ ማስቀመጫውን ለስኮርታው አስረክቦ የተጓዡን ሻንጣ ከወንበሮቹ ጀርባ አዛወረ። ፖርሼ 356 ሞተሩ ከኋላ ስለ ሆነ ጎማውን በአፍንጫው ውስጥ አስተኛው። በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ-ታይፕ ከኋላው ወለል ሥር ቀበረው። በ1966 ጄኔቫ ላይ የታየው ላምቦርጊኒ ሚውራም ከፊት ኮፈኑ ሥር አኖረው። ውድድሩም ቢሆን ከዚህ ጭነት ነጻ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የግራን ቱሪስሞ ደንብ መኪናው ስኮርታውን ይዞ እንዲሮጥ ያስገድድ ስለ ነበር፣ 36 ብቻ የተሠሩት የፌራሪ 250 ጂ.ቲ.ኦ. መኪናዎች ጅራታቸው ውስጥ አንድ ሙሉ ጎማ ይዘው ተሽቀዳድመዋል። በእኔ አስተያየት በመኪና ቅርጽ ታሪክ ውስጥ ስኮርታው ያልተጻፈለት ነዳፊ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ጀርባ ለምን እንደ ከፍታ፣ አፍንጫቸው ለምን እንደ ረዘመ የሚጠይቅ የሥነ ጥበብ ተማሪ ኮፈኑን ከፍቶ ቢመለከት መልሱን ከፊሉን እዚያ ያገኘዋል።

መደበቁ ግን ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። አራቱ ጎማዎች በጥቂት ዓመታት አልቀው ተጣሉ። ቀለሙ ታደሰ፣ የወንበሩ ቆዳ ተለወጠ፣ ሞተሩም ተፈትቶ ተገጠመ። አምስተኛው ጎማ ግን በጨለማ ጉድጓዱ ውስጥ፣ በማኅደር ታሽጎ እንደ ተረሳ ብራና ተኝቶ ቀረ። አንድ አዋቂ ዛሬ ይህን ጎማ አውጥቶ ሲመረምረው ብዙ ነገር ያነብበታል። ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የተረፉት ቀጫጭን የጎማ ፀጉሮች በፊቱ ላይ ካሉ መንገድ ነክቶ አያውቅም። የጎማው ስምና ልክ፣ መኪናው ሲወጣ ፋብሪካው የማንን ጎማ ያለብስ እንደ ነበር ይናገራል። በብዙ የፖርሼ ቸርኬዎች ላይ የተሠሩበት ወርና ዓመት በብረቱ ላይ ተቀርጾአል። የቸርኬው ቀለም ፀሐይና ጭቃ ስላልደረሱበት የመጀመሪያውን ሕብር ጠብቆአል፤ ውጭ ያሉት አራቱ ግን ሦስትና አራት ጊዜ ተቀብተው የትኛው ብርማ፣ የትኛው ግራጫ እንደ ነበር አይለይም። ስለዚህም አንድ መኪና ሲታደስ ለክርክር ዳኛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ስኮርታው ነው።

ነገር ግን ምስክር የሆነውን ነገር አገልጋይ ማድረግ አደገኛ ነው። ጎማ ባይሠራበትም ያረጃል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅንና ኦዞን የጎማውን ውስጣዊ ሰንሰለት እየበጠሰ ያደርቀዋል፤ ከላይ ሲታይ ያማረ፣ ጥርሱ ያልተነካ፣ ከውስጥ ግን ሽፋኖቹ ለመለያየት የተዘጋጁ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ብዙ መኪና ሠሪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ጎማ ሠሪዎች ደግሞ ቢበዛ ከአሥር ዓመት በኋላ ጎማ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ስኮርታውም ጭምር። የካቲትና መጋቢትን ሳይሆን ሳምንትንና ዓመትን የሚናገረው በጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር የተደነገገውም ለዚሁ ነው፤ ከ2000 ጀምሮ አራት አኃዝ ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ።

በፍጥነት ላይ ያለ ጎማ ሲፈነዳ ምን እንደሚያስከትል ታሪክ መዝግቦአል። በግንቦት 12 ቀን 1957 በጣልያን አገር በሚሌ ሚልያ ውድድር፣ ጉዊዲትሶሎ በምትባለው መንደር አጠገብ የአልፎንሶ ዴ ፖርታጎ ፌራሪ ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ ወጣ። ነጂው፣ ረዳቱ ኤድመንድ ኔልሰን፣ በመንገድ ዳር ቆመው ይመለከቱ የነበሩ ዘጠኝ ሰዎችም ሞቱ፤ ከዘጠኙ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ኤንዞ ፌራሪ ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲከራከር ቆይቶ በ1961 ነጻ ወጣ፤ ሚሌ ሚልያም በነበረበት መልኩ ቀረ። ያ ጎማ ያረጀ አልነበረም። ያረጀ ጎማን የተመለከተ ሌላ ነገር ግን በኅዳር 2013 በካሊፎርኒያ ደረሰ። ተዋናዩ ፖል ዎከር ከጓደኛው ጋር በፖርሼ ካሬራ ጂ.ቲ. ሲሄድ ሁለቱም ሞቱ። መርማሪዎች ዋናው ምክንያት ፍጥነት መሆኑን ሲገልጹ፣ የመኪናው ጎማዎች ዘጠኝ ዓመት ያለፋቸው እንደ ነበሩም አስታውቀዋል።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወገን ያሉት ሰብሳቢዎች ኦሪጅናል የሚለውን ቃል የዋጋ መለኪያ አድርገውታል። ዳኞች ነጥብ ሲሰጡ፣ ሻጮች ሲጫረቱ፣ የመጀመሪያው ጎማ መኖሩ ገንዘብ ያወጣል። ገንዘብ ባለበት ደግሞ አስመሳይ አለ፤ የቸርኬውን ቀን በአዲስ ማኅተም የሚቀርጽ፣ ከሌላ መኪና አምጥቶ ከዚህኛው ጋር ተወለደ የሚል። ምስክርን በሐሰት ማስመስከር በዕቃም ላይ ሲሆን ያው ነው። በሌላው ወገን ያሉት አዳሾች ደግሞ ሁሉን ነገር አዲስ ለማስመሰል ከመጓጓታቸው የተነሣ አሮጌውን ስኮርታ ከጉድጓዱ አውጥተው ይጥሉታል፤ ቸርኬውንም አሸዋ ነፍተው የመጨረሻውን እውነተኛ ቀለም ያጠፉታል። እኔ ሁለተኛውን ጥፋት የከፋ አድርጌ እቈጥረዋለሁ። የሐሰቱን ማኅተም አዋቂ ይለየዋል፤ የተገፈፈውን ቀለም ግን ማንም አይመልሰውም። ዛሬ ፒሬሊ፣ ሚሽለንና ሌሎችም በጥንቱ ቅርጽና ልክ አዲስ ጎማ እየሠሩ ስለሆነ፣ በአዲሱ እየነዱ አሮጌውን ሳይነኩ ማኖር ይቻላል።

ለነገሩ ምስክሩ በሰላም የሚያርፈው መኪናው ሊነዳ በማይፈለግበት ቦታ፣ ማለትም በሕዝብ ሙዚየም ውስጥ ነው። በፈረንሳይ በሙሉዝ ከተማ የሹሉምፍ ወንድማማቾች ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቻቸው ባገኙት ሀብት ከ400 የሚበልጡ መኪናዎች በምስጢር ሰብስበው ነበር፤ ከመካከላቸውም ከመቶ የሚበልጡት ቡጋቲዎች ነበሩ። ፋብሪካዎቹ ሲከስሩ ሠራተኞቹ በመጋቢት 1977 ግቢውን ይዘው በሮቹን ከፈቱ፤ ለሁለት ዓመት ያህልም ስብስቡን ራሳቸው ለሕዝብ አሳዩ። መንግሥት በ1978 ስብስቡን በታሪካዊ ቅርስነት መዘገበው፤ በ1982ም ብሔራዊ ሙዚየም ሆነ። የእነዚያን መኪናዎች ጠፍርና ጎማ ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ቀርቦ ሊያየው ይችላል።

በግል ስብስቦች ዘንድም አመለካከቱ ጥቂት ተለውጦአል። በካሊፎርኒያ በፔብል ቢች በየዓመቱ በሚደረገው ትርኢት ለብዙ ጊዜ ሽልማቱን የሚወስዱት እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ፣ ተፈትተው የታደሱ መኪናዎች ነበሩ። በ2024 ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይታደስ እንደ ተጠበቀ የኖረ መኪና የበላይ ሆነ። ያ መኪና በ1934 የተሠራ ቡጋቲ 59 ነው። ጥቁር ቀለሙ የተሰነጠቀው ይህ መኪና ከውድድር በኋላ የቤልጅጉ ንጉሥ የሊዮፖልድ 3ኛ ንብረት ነበር፤ ንጉሡም ቀደም ብሎ የተነሣው የሊዮፖልድ 2ኛ የወንድም የልጅ ልጅ ነው። የተጠበቀ ቅርስ ያለ እንከን የተጠበቀ ትዝታን ብቻ አያመጣም።

ስኮርታው ራሱ ግን ከአዳዲሶቹ የስፖርት መኪናዎች እየጠፋ ነው። በ1967 በአሜሪካው ፖንቲያክ ፋየርበርድ ላይ ተጣጥፎ ሲቀመጥ ቦታ የማይፈጅ፣ በተፈለገ ጊዜ የሚነፋ ጎማ ወጣ። በ1970ዎቹ ፖርሼ 911 ተመሳሳዩን ጎማ ከትንሽ የአየር መንፊያ ጋር ያዘ። በ1997 የቀረበው ኮርቬት ቢበሳም ለተወሰነ ርቀት በሚጓዝ ጎማ ተማምኖ ስኮርታውን ጨርሶ ተወው። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚይዙት የአየር መንፊያና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ነው። በጠርሙሱ ላይ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ታትሞአል፤ ቀኑ ሲያልፍም ይጣላል።