ከካሜራው ጋር የተጀመረ ትምህርት

እኔ ካሜራ መያዝ የተማርኩት ሠርግ በመቅረጽ ስለሆነ ይሆናል፣ የዩሲኤልኤ የ«ፕሮጀክት ዋን» ወግ ይማርከኛል። ሎስ አንጀለስ ያለው ይህ ትምህርት ቤት ጀማሪውን ገና ከመግባቱ «ፊልምህን ሠርተህ አምጣ» ይለው ነበር፤ ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይቀርጻል፣ ቆርጦ ይቀጥላል። የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ በ1971 (እ.ኤ.አ.) የሠራው «አወር ግላስ» የዚያ ፍሬ ነው፤ ማንበብ ሲጀምር ለማን እንደሚጫወት ራሱን የሚጠይቅ ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ታሪክ። ተማሪዎቹ በየተራ አንዱ ለሌላው ይሠራሉ፤ ለኃይሌ «ቡሽ ማማ» ካሜራ ከያዙት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነበር።

በ1974 አገር ቤት አብዮቱ ሲፋፋም ኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም በሁለት ሳምንት ቀርጾ ጨረሰ። (እኛ ለአንድ የሠርግ ክሊፕ ስንት ቀን እንደምንፈጅ አልናገርም።) በዓመቱ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተማር ጀመረ።