የኮፓው ጠብታ
የአዲስ አበባ አሮጌ ሞተሮችና የጠጋኞቻቸው ታሪክ

ካዛንቺስ የሚለው ስም በመሠረቱ የአንድ ቤት ሠሪ ድርጅት ስም ነው። ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘችበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቿ መኖሪያ የሚያሠራው ድርጅት በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር፣ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የከተማውም ሕዝብ በራሱ አንደበት አዋሕዶ ካዛንቺስ አለው። ወራሪው ተባረረ፤ ስሙ ግን ቀረ። ከስሙ ጋር አብሮ የቀረ ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም የመካኒኮች ቋንቋ ነው። የማርሽ ሳጥኑ ካምቢዮ፣ የሞተሩ ራስ ቴስታታ፣ እሳት ሰጪው ካንዴላ፣ የጢሱ ማፈኛ ማርሚታ፣ ከሞተሩ ሥር ሆኖ ዘይት የሚያጠራቅመው ቋት ደግሞ ኮፓ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ኮፓ፣ በተለይም ከእርሱ ሥር አልቆም ብሎ የሚወርደው የዘይት ጠብታ ነው።

አውቶሞቢል አዲስ አበባን ያየው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ መዲናይቱ ሲደርስ፣ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የለገሃር አካባቢ የባሕር ማዶ ዕቃ መግቢያ በር ሆነ። ከነፃነት መመለስ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የእጅ ሙያን በክፍል ውስጥ ማስተማር ጀመረ። ይሁን እንጂ ብዙው መካኒክ ሙያውን ያገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን በጋራዥ ረዳትነት፣ ቁልፍ እያቀበለና ዕቃ እያጠበ ነበር። የኢጣልያንኛው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሊተላለፍ የቻለውም በዚሁ መንገድ ነው።

በ1947 ዓ.ም. ቱሪን ላይ መመረት የጀመረችው ፊያት 600፣ በኢጣልያንኛ ቍጥሯ ሴይቼንቶ እየተባለች የአዲስ አበባ ታክሲ ሆነች። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር ሥራ አቁመው የአብዮቱን ግፊት ካፋጠኑት መካከል የታክሲ ነጂዎች ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ለታክሲ ነጂ ነዳጅና ዘይት የዕለት እንጀራው ጉዳይ መሆኑን ይህ ታሪክ ይመሰክራል። ከአብዮቱ በኋላ ተራው የላዳ ሆነ። ላዳም ብትሆን ሥሯ ከዚያው ከቱሪን ነው፤ ሶቭየት ኅብረት በ1958 ዓ.ም. ከፊያት ጋር ተዋውላ፣ የፊያት 124ን ንድፍ ለራሷ መንገድና ብርድ አጠንክራ፣ በ1962 ዓ.ም. በቶልያቲ ማምረት ጀመረች። ስለዚህ የካዛንቺስ መካኒክ ከሴይቼንቶ ወደ ላዳ ሲሸጋገር ቋንቋውን መለወጥ አላስፈለገውም።

የእነዚህ ሞተሮች ኮፓ ከስስ ቆርቆሮ ተጨፍልቆ የተሠራ ሲሆን፣ ከሞተሩ አካል ጋር በትናንሽ ቡሎኖች ይታሰራል፤ በመካከሉም ከቡሽ የተቈረጠ ጓርኒሲዮን ይገባል። ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው የመጀመሪያ ርምጃ ቡሎኑን አጥብቆ ማሰር ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ የቆርቆሮው ከንፈር በቀዳዳው ዙሪያ ወደ ላይ ይጐብጣል፤ ቡሽ በቡሎኑ አጠገብ ይደቅቃል፣ በሁለት ቡሎኖች መካከል ግን ይላላል። እጅ በበረታ መጠን ዘይቱም ይበረታል። ቀጥሎ የሚመጣው ማስቲሽ ነው። ያለ ልክ የተቀባ ማስቲሽ ወደ ውስጥም ተጨምቆ ይገባል፤ ከዚያ ተቈርሶ ከኮፓው ወለል ላይ ያለውን የዘይት ፓምፕ ወንፊት የዘጋ እንደሆነ፣ ጥቂት ጠብታ ለማቆም የተደረገው ጥገና ሞተሩን በሙሉ ያቃጥላል።

ብልሁ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ምንጩን ይፈልጋል፤ ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚያፈስበት ቦታ ነው ማለት አይደለምና። ከቫልቭ ክዳን የወጣ ዘይት በሞተሩ ጐን ወርዶ፣ በነፋስም ወደ ኋላ ተገፍቶ ከኮፓው ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። በክራንክሻፍቱ የኋላ ጫፍ ያለው የዘይት መከላከያ ቀለበት ሲያረጅም ጥፋቱ በኮፓው ይላከካል። ስለዚህ ሞተሩ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ የጠመኔ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ጥቂት ሠርቶ ሲቆም በነጩ ላይ የመጀመሪያው ጥቁር መሥመር ምስክርነቱን ይሰጣል።

ኮፓው ራሱ ጥፋተኛ ከሆነም መፍትሔው ጕልበት አይደለም። በላዳ ላይ ኮፓውን ለማውረድ የሞተሩን መቀመጫዎች ፈትቶ ሞተሩን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች በላዩ ላይ መቀባትን የሚመርጡትም ይህን ድካም ሽሽት ነው። ከወረደ በኋላ ግን የጐበጠው ከንፈር በጠንካራ እንጨት ላይ ተደግፎ በመዶሻ በቀስታ ይስተካከላል፤ ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ተቀምጦም ይመረመራል። ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ የደረቀና ያጠረ ቡሽ ውኃ ውስጥ ገብቶ ልኩን መልሶ ያገኛል። ቡሎኖቹም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ፣ ከመካከል ወደ ዳር፣ በእጅ ልክ ይጠብቃሉ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ተመልሶ የሚመጣው ጠብታ ነው። የፒስተን ቀለበቶች ሲበሉ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል፤ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በጥቀርሻ ከተደፈነ ደግሞ ጋዙ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በየስፌቱ ይገፋዋል። የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ እየሠራ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ከሆነ፣ በሽታው ከላይ ነው፤ ከታች ያለው ጓርኒሲዮን ስንት ጊዜ ቢለወጥ አይፈወስም። እንዲያውም ቱቦውን መጥረግ ብቻ ለዓመታት ያስቸገረን ጠብታ ሊያቆም ይችላል።

የከተማዋ ሌላዋ አሮጌ መኪና ቮልስ በዚህ ረገድ የተለየች ናት። ተነቃይ ኮፓ የላትም፤ ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ሆኖ በሞተሩ አካል ውስጥ ይቀመጣል፣ ከሥር ያለችውም ትንሽ ክዳን በስድስት ዳዶ ትታሰራለች። ትምህርቷ ግን አንድ ነው፤ ዳዶዋን ያለ ልክ ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ይበላዋል፣ ጠብታውም ይብሳል።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ አሮጌ መንደር ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈረሰ፣ ነዋሪውም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። የኤሌክትሪክ ሞተር ኮፓ የለውም፤ ስለዚህ ስለ ቡሽና ስለ ጠመኔ ዱቄት ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። ጥፋት ከሚታይበት ቦታ ሳይሆን ከሚነሣበት ቦታ ይፈለግ የሚለው ሕግ በባትሪ ዘመንም አይሻርም። ይህን ሕግ በቆርቆሮና በቡሽ ላይ ያረጋገጡት ሰዎች ግን ያወቁትን ለረዳቶቻቸው በእጃቸው አሳዩ እንጂ አልጻፉትም፤ ቀለም የቈጠረው መሐንዲስም አልጻፈላቸውም። ረዳቱ ከጌታው አጠገብ የሚቆምበት ሰፈር ሲበተን ያልተጻፈው ዕውቀት አብሮ ይበተናል። ወራሪው ትቶት የሄደውን ቃል ከስምንት ዐሥርት ዓመታት በላይ በቃል ብቻ ያቆየ ሙያ፣ አሁን ብዕር የያዘ ሰው ያስፈልገዋል፤ አሮጌዎቹ እጆች ገና በሥራ ላይ ሳሉ ያንን ማድረግ የመሐንዲሶች ዕዳ ነው።