በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ከሕዝብ ቆጠራና ከጋብቻ መዝገብ ስለማጣራት

በውጭ አገር የተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆችና የልጅ ልጆች የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ለማግኘት የዘር ሐረጋቸውን በሰነድ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረን የውጭ አገር ዜጋ ተጠቃሚ ያደርጋል። የአያት ፓስፖርት በእጅ ካለ ነገሩ ይቀላል፤ ከጠፋ ግን ትውልድን ከትውልድ የሚያያይዝ ሌላ መዝገብ መፈለግ ግድ ይሆናል።

በአሜሪካ የግለሰቦች ስም የሰፈረባቸው የቆጠራ ቅጾች ለሕዝብ ክፍት የሚሆኑት ከ72 ዓመት በኋላ ነው። የ1980 እ.ኤ.አ. ቆጠራ የሚከፈተው በ2052 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የተሰደደ ቤተሰብ ራሱን በክፍት መዝገብ አያገኝም። ሆኖም ስሙ በቆጠራው የሰፈረ ሰው ራሱ፣ ከሞተም ወራሹ የሞት ማስረጃ አያይዞ፣ ከአገሪቱ የቆጠራ ቢሮ ግልባጭ በክፍያ መጠየቅ ይችላል።

የጋብቻ መዝገብ ከዚህ ይሻላል። በአብዛኛው የሚገኘው የጋብቻ ፈቃዱ በተሰጠበት ካውንቲ ጽሕፈት ቤት ነው። ቅጹ ከግዛት ግዛት ቢለያይም፣ በብዙዎቹ የተጋቢዎቹ የትውልድ ቦታና የወላጆቻቸው ሙሉ ስም ይሰፍራል፤ ለአመልካቹ የሚበጀውም ይኸው ነው።

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሻው ስም ነው። የአባት ወይም የአያት ስም በአሜሪካ የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ወደ ልጆች ስለሚተላለፍ፣ እዚያ የተወለደ ልጅ በአባቱ ስም ፈንታ የአያቱን ወይም የቅድመ አያቱን ስም ይዞ ይገኛል። በአገር ቤት ልማድ ያነበበው ሰው አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ይዘላል። «ወልደ ጊዮርጊስ» የመሰለ ስም ለሁለት ተከፍሎ «ጊዮርጊስ» ብቻ መጠሪያ ሆኖ የተመዘገበበት ጊዜም አለ። ስለዚህ አንድን ስም በልዩ ልዩ የላቲን አጻጻፎች መፈለግ ያስፈልጋል።

የልደት ዘመንም እንዲሁ ያሳስታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረ ዓመት ሳይመነዘር ከተጻፈ ባለመዝገቡ ከእድሜው 7 ወይም 8 ዓመት ያረጀ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥም ሰነዱን እንደ ሌላ ሰው ሰነድ ከመጣል በፊት ሂሳቡን ማስላት ይገባል።

በአገር ውስጥ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተካሄዱት ቆጠራዎች የግለሰብ ማስረጃ ለመስጠት አይውሉም። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባም የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተፈጸመ ጋብቻ ባለጉዳዩ ጋብቻው የተፈጸመበትን ቤተ ክርስቲያን፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም ማዘጋጃ ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።