አንስታይን ሚዕራጅን አረጋግጧልን? የጊዜ ታሪክ ከደማስቆ የጥላ ሰዓት እስከ ሳተላይት



የረጀብ ወር በገባ ቁጥር «አንስታይን የሚዕራጅን ጉዞ በሳይንስ አረጋገጠ» የሚል መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ይዘዋወራል። እኛም ሳናጣራ ለሌላ ያስተላለፍንበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ግን አላህ ካለ ነገሩን ከታሪኩ እንመልከተው።

ጊዜን መለካት ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። ሰላት በወቅት የታሰረ ስለሆነ በትልልቅ መስጂዶች «ሙወቂት» የሚባል የወቅት ባለሙያ ይመደብ ነበር። በደማስቆው የኡመያ መስጂድ ሙወቂት የነበረው ኢብኑ ሻጢር እ.ኤ.አ. በ1371 ለመስጂዱ ሚናራ ትልቅ የጥላ ሰዓት ሠርቷል። ዙህር በደማስቆና በመካ በአንድ ቅጽበት እንደማይገባ ባለሙያዎቹ ያውቁ ነበር። ያ ግን የፀሐይ አቀማመጥ ልዩነት ነው፤ ጊዜው ራሱ ለሁሉም አንድ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እንግሊዛዊው ኒውተንም በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ጊዜ በየትም ቦታ ለማንም እኩል ይፈሳል ብሎ አስፍሯል።

ይህን ሐሳብ የለወጠው በ1905 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በፈጠራ መብት ቢሮ ይሠራ የነበረው የ26 ዓመቱ አልበርት አንስታይን ነው። መነሻው ብርሃን ነበር። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ቆመን ብንለካውም እየሮጥን ብንለካውም ፍጥነቱ ያው ነው። ይህ እውነት ከሆነ ሌላ የሚለወጥ ነገር መኖር አለበት፤ እሱም ጊዜ ነው። በፍጥነት የሚጓዝ ሰው ሰዓት ከቆመው ሰው ሰዓት ይዘገያል። ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ የልቡ ምትም እርጅናውም አብሮ ይዘገያል። አንስታይን በ1915 ደግሞ የምድር ስበት በበረታበት ቦታ ጊዜ እንደሚዘገይ፣ ወደ ላይ በራቁ ቁጥር እንደሚፈጥን አሳየ።

ኢብኑ ሻጢር የጥላ ሰዓቱን ከሠራ ልክ ከ600 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ ሃፍሌና ኪቲንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አራት የአቶም ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን ጭነው ዓለምን አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ ዞሩ። ሲመለሱ ሰዓቶቹን መሬት ላይ ከቆዩት ጋር አስተያዩ። ወደ ምሥራቅ የሄዱት ወደ 59 ናኖ ሰከንድ ዘግይተው፣ ወደ ምዕራብ የሄዱት ወደ 273 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ተገኙ። ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ ልዩነቱ ኢምንት ቢሆንም እውነት ነበር።

ዛሬ ቂብላ የምንፈልግበት ስልክ ቦታችንን የሚያውቀው 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚመጣ የሰዓት ምልክት ነው። የሳተላይቶቹ ሰዓት በፍጥነታቸው ምክንያት በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ከፍ ብለው ስበት ስለሚቀንስ ደግሞ 45 ያህል ይፈጥናል። ሲጣፋ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል። ጥቂት ይመስላል፤ ብርሃን ግን በዚህ ቅጽበት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ሰዓቶቹ ቀድመው ይታረማሉ።

እንግዲህ ወደ ሚዕራጅ እንመለስ። በአንስታይን ስሌት ጊዜ የሚያጥረው ለተጓዡ ነው፤ ለቀሩት ግን ይረዝማል። በሚዕራጅ ደግሞ በመካ ለቀሩት ያለፈው የአንድ ሌሊት ክፍል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ንድፈ ሐሳቡ ከብርሃን የሚፈጥን ጉዞ አይፈቅድም፤ ብርሃን እንኳ ከፀሐይ ቀጥላ ለእኛ ቅርብ ወደሆነችው ኮከብ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሚዕራጅን በአንስታይን «ያረጋገጠ» ሰው ሳያውቅ ለተቃዋሚው መሣሪያ አቀብሏል። ፊዚክስ የተማረ ወጣት ስህተቱን ሲያይ የሚጠራጠረው መልእክቱን ብቻ ላይሆን ይችላል።

ኢማም ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በ«ተሃፉት» መግቢያቸው ዲንን ባልሆነ መንገድ የሚከላከል ሰው ጉዳቱ ከሚያጠቃው እንደሚብስ ያስጠነቀቁት ለዚህ ነው።

ሚዕራጅ ሙዕጂዛ ነው፤ ሙዕጂዛ ደግሞ የተለመደውን ሕግ የሚጥስ የአላህ ሥራ ነው። አቡበክር (ረ.ዐ) ዜናውን ሲሰሙ ያመኑት ተናጋሪው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለሆኑ እንጂ ስሌት ቀርቦላቸው አይደለም። ዕውቀቱን በቦታው እንማረው፤ ኢማናችንንም በቦታው እናጽናው።

ወላሁ አዕለም።