«ብቅ ማለት»ና «ስም ማስጠራት»፦ የአንድ የሩሲያኛ ፈሊጥ አተረጓጎም በአርሲ ሯጮች ታሪክ ሲፈተን

ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛም ሆነ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ ባለሙያዎችን ከሚያስቸግሩ ፈሊጦች አንዱ «ዛያቪት ኦ ሴቤ» የሚለው ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ስለ ራስ ማስታወቅ» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ራስን ማሳወቅ» ተብሎ እንዳለ ቢመለስ፣ እንግዳ ሰው ደርሶ ማንነቱን የገለጸ ያስመስላል እንጂ የፈሊጡን ፍሬ ነገር አያደርስም። ስለዚህም የተለመደው መፍትሔ «ለራስ ስም ማበጀት» የሚል ፍች ባለው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ መተካት ነው፤ ይኸው ወደ አማርኛ ሲዞር «ስም ማስጠራት» ይሆናል። ይህ ምትክ የሚያስከትለውን ጉድለት ለማሳየት የአርሲን ደጋ ሯጮች ታሪክ በአብነት እንወስዳለን።

በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ፣ የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ገና በሰባት ዓመቱ ድሉን ከአባቱ ሬዲዮ ሰማ። ሯጩ ስለ ራሱ የተናገረው ነገር የለም፤ ስሙን የጠሩት ሌሎች ናቸው። «አስጠራ» አስደራጊ ግሥ እንደመሆኑ መጠን፣ ባለቤቱ በሥራው ሌላውን ያስጠራል እንጂ ራሱ ጠሪ አይሆንም። የአካባቢው ቋንቋ ኦሮምኛም «ማቃ ዋምሲሱ» ሲል በዚሁ አስደራጊ አካሄድ ይጠቀማል። ከዚህም በላይ የሚጠራው የሯጩ ስም ብቻ አይደለም፤ «ወላጆቹን አስጠራ»፣ «አገሩን አስጠራ» እንላለን። በሩሲያኛው ፈሊጥ ግን አስታዋቂውም የሚታወቀውም አንድ ሰው ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ልዩነት የጊዜ ነው። ከዚሁ ግሥ የወጣው «ዛያቭሌኒዬ» የተባለው ስም በሩሲያኛ የዘወትር አነጋገር ማመልከቻ ማለት ነው። ማመልከቻ ያቀረበ ሰው ደግሞ ገና አልተፈቀደለትም። ፈሊጡም እንደዚሁ የጅማሬ ነው። በበቆጂ አካባቢ የተወለደችው ደራርቱ ቱሉ በ1982 ዓ.ም. በፕሎቭዲቭ፣ ቡልጋሪያ፣ በዓለም የወጣቶች ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ ሩሲያኛ ተናጋሪ ይህን ፈሊጥ ቢጠቀም በቦታው ነው። በእኛ አስተያየት የዚያ ጊዜ አማርኛ «ብቅ አለች» ወይም «አለሁ አለች» ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በዚያው ርቀት አሸንፋ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት በሆነች ጊዜ ግን «ስም አስጠራች» እንላለን። ኃይሌም መስከረም 1985 ዓ.ም. በሴኡል በወጣቶች ሻምፒዮና በሁለቱም ርቀቶች ድል ሲያደርግ ብቅ አለ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በሽቱትጋርት የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ስም አስጠራ።

እንግዲህ ተርጓሚው ሁለቱን ቢያምታታ ጉዳቱ የቃል ብቻ አይሆንም። ለጀማሪው «ስም አስጠራ» ቢል ያልታጨደ አዝመራ ይቆጥርለታል፤ ለባለድሉ «ብቅ አለ» ቢል ደግሞ የዓመታት ድካሙን ይነፍገዋል። በእንግሊዝኛም ቢሆን «መድረስን ማስታወቅ» የሚል ፍች ያለው የተለየ አነጋገር ስላለ፣ ሁለቱን ባንድ መጠቅለል አያስፈልግም።

ስለሆነም በሩሲያኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት «ዛያቪት ኦ ሴቤ» በቅድሚያ «ብቅ ማለት፣ አለሁ ማለት» ተብሎ ቢፈታ፣ «ስም ማስጠራት» ደግሞ ዐውዱ ድሉ መፈጸሙን በሚያረጋግጥበት ጊዜ ብቻ ቢገባ የተሻለ ነው እንላለን።